መረዋና ያገለገሉት ሮኬቶች

የካቲት 3
የጠዋት ስብሰባ። እንደተለመደው ተንዛዛ። ከባዱ ሮኬት በዚህ ወር ይወነጨፋል፣ ጣቢያችን በቀጥታ ያስተላልፋል ተባለ። ልቤ ዘለለች... የሳይንስ ክፍል ማለት እኔና ወንበሬ ነን። ሌላ ማን ሊያቀርበው ነው?
መረዋ።
ዜና አንባቢያችን። ስሙን ያወጡለት ድምፁ እንደ ደወል ስለሚያስተጋባ ነው። ደወል ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። «አንቺ ጽሑፉን ታዘጋጂለታለሽ፣ እሱ ያነበዋል» አሉ አለቃችን። «ለስክሪን ፊት ያስፈልጋል፣ ይገባሻል አይደል?»
ገባኝ። የኔ ፊት ምን ሆነ?

የካቲት 6
መረዋ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። ባዶ ወንበር እያለ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።
«እህቴ፣ እስቲ ይሄን ነገር አቅልለሽ ንገሪኝ።»
መሃል ላይ ትልቁ ሮኬት አለ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት አጋዥ ሮኬቶች ይገፉታል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይለያሉ አልኩት። አጋዦቹ ከዚህ በፊት በሌላ በረራ ያገለገሉ ናቸው።
«ሰልባጅ በይኛ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። «ባሕር ላይ ሲወድቁ በመርከብ ለቅመው፣ አድርቀው ነው አይደል መልሰው የሚጠቀሙባቸው?»
አድርቀው! እንደ ካልሲ!
አፌን ከፈትኩ። ሞተራቸውን እንደገና አስነስተው፣ ወደተነሱበት ሜዳ ተመልሰው፣ በእግራቸው ቆመው እንደሚያርፉ ልነግረው... ተውኩት።
«እንዳልከው ነው» አልኩ።
ለምን? እንጃ።

የካቲት 7
አሁንስ እንጃ አልልም። አጋዦቹ ከሰማይ ቁልቁል ሲምዘገዘጉ መረዋ ያያል። ጽሑፉ ላይ የለም። ሰው ሁሉ ፊት «ወደቁ! አደጋ ደረሰ!» ብሎ ይጮሃል። እነሱ ቀጥ ብለው ያርፋሉ። ያኔ ፊት ምን እንደሚጠቅም እናያለን።
ስለ መመለሳቸው የጻፍኩትን አንቀጽ ቆርጬ አወጣሁት። ያምር ነበር። ለነገሩ ስለዚህ ሮኬት የማነበውም የምጠብቀውም ለዚያች የማረፊያ ቅጽበት ስል ነው።

የካቲት 12
እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክላለች። መረዋ ስለተዘጉ መንገዶች ያነባል።
«ይሄ ልጅ ሲናገር ሆዴ ይባባል።»
መንገድ ተዘጋ ሲል ሆዷ ይባባል!
«እማዬ፣ የሚያነበውን የምንጽፍለት እኮ እኛ ነን።»
«ታዲያ አንቺ ስታወሪው ለምን እንዲህ አይጥምም?»
ተነስቼ ክፍሌ ገባሁ።

የካቲት 20
በንፋስ ምክንያት ተራዘመ። መረዋ ሜካፑን ተቀብቶ ጨርሶ ነበር። «ይሄን የሚያክል ሮኬት ንፋስ ይፈራል እንዴ?» አለኝ። «ያንተ ፀጉርስ?» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

የካቲት 21
ዛሬም ተራዘመ። አንድ ቫልቭ አልከፈት ብሎ ነው አሉ። አለቃችን እኔ ላይ አፈጠጡ፤ ሄጄ የዘጋሁት ይመስል።

የካቲት 23
ተነሳ!
ከቀትር በኋላ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሁለት ስክሪን አለ፤ በአንዱ ሮኬቱ፣ በሌላው ስቱዲዮ ተቀምጦ ያንኑ ምስል የሚያየው መረዋ። እኔ መረዋ ያለበት ፊት ቆምኩ። ሮኬቱ ሲነሳ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጽሑፌን በደንብ ነው ያነበበው፣ አልክድም። አጋዦቹ ተለዩ። ጽሑፉ አለቀ። ወሬ ፍለጋ መንተባተብ ጀመረ። ጠበቅኩ... ጠበቅኩ...
«ቆይ... እነዚያ ምንድን ናቸው?» ድምፁ ተሰበረ። «እየወደቁ ነው! ወገኖቼ፣ ወደ መሬት እየመጡ ነው! እታች ሰው አለ እንዴ? ኧረ ሽሹ!» ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።
«ምን እያለ ነው ይሄ ሰው?» ብለው አለቃችን አንባረቁ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ያዝኩ።
ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። በሁለት እጁ ራሱን ያዘ፣ ያን የተለሰነ ፀጉር በታተነው። «እሳት... እሳት ለቀቁ... ቆሙ! ሁለቱም ቆሙ! አያችሁ? እኔ እኮ አለቀላቸው ብዬ...» እያለቀሰ ይስቃል። ከኋላዬ የድምፅ ባለሙያዋ አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰማሁ።
አንድም ሰው በሱ አልሳቀም።

የካቲት 25
ቪዲዮው በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ሦስቴ አየችው። አለቃችን እንደዚህ ያለ ስርጭት ኖሮን አያውቅም አሉ። እማዬ ጎረቤት ሰብስባ «የኔ ልጅ አብራው ነው የምትሠራው» ትላለች። አብራው!
ምኑን ነው የወደዱት? አለማወቁን? እሱማ ድሮም ሞልቶት ነበር።

የካቲት 28
ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።
«ሆን ብለሽ ነው አይደል ያልነገርሽኝ?»
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።
«ገብቶኛል» አለ። «ከወረቀት ከማነበው በዓይኔ አይቼ እንድደነቅ ብለሽ ነው። እንዲህ ያለ ስጦታ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። አመሰግናለሁ፣ እህቴ።»
ሰው እስከዚህ ድረስ ሞኝ ይሆናል? ዝም ብል እኮ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ያ ምስጋናው... ሊዋጥልኝ አልቻለም።
«ስጦታ አይደለም። እንድትዋረድ ፈልጌ ነው።»
ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ጫማውን አየ። ይጮህብኛል፣ አለቃ ጋ ሄዶ ይከሰኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። የምመልሰውም ነበረኝ።
«እሺ... ታዲያ ሲያርፉ አየሻቸው?» አለኝ።
«አላየሁም።»
«እንዴት? እዚያው አልነበርሽም?»
«አንተን እያየሁ ነበር።»
«በኋላ በቪዲዮ ማየት እኮ እንደ ቀጥታው አይሆንም» አለ። «ውይ... ያሳዝናል።»
ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እያሾፈ ቢሆን በተሻለኝ። ከልቡ ነው።
መረዋ አዘነልኝ። እኔን! ኮሪደሩ መሃል ቆሜ ከኋላው የምወረውርለት አንድ ስድብ ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝ።