የአንገትጌው ጥልፍ

ይድረስ ለአማቴ፤ ደረስጌ።

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ሳሉስ ተወዎት? ከብቶቹስ ድርቆሹ በቃቸው? እኔ የደረስጌዋ እመቤት ትመስገን፣ ዳባት ላይ ዓይኔም እጄም እየሠሩልኝ አለሁ።

ጎረቤትዎ ገበያነሽ ለገበያ ስትወርድ የሰርግ ቀሚስዎን አደረሰችኝ። «ሳይበጣጠስ ጥልፉን ገልብጪና ለራስሽ ሥሪው፤ እንዳትሸጪው» ብለዋል አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎና ቅር አለኝ። የፀጋው ሙት ዓመት ካለፈም ወዲህ ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ ልጅዎን ቀብሬ ለማን ብዬ ነው የማጌጠው? ግን ቃልዎን መጣል አልሆነልኝም።

መጀመሪያ በካርቦን ልገለብጠው ነበር፤ ጨርቁ ሳስቶ እርሳሱን ስጫነው ሊቀደድ ሆነ። ስለዚህ ስስ ወረቀት አልብሼ ጥልፉን ተከትዬ በመርፌ ወጋሁት። የተበሳሳውን ወረቀት አዲሱ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ፣ የደቀቀ ከሰል በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሬ ሳሽበት የጥልፉ መስቀሎች ነጥብ በነጥብ ወጡ።

የአንገትጌው ግራ ጎን ግን ክሩ አልቆ ባዶ ነው። «ፀጋው ሲጠባ እየጎተተ የጨረሰው ነው» ያሉኝ ትዝ አለኝና መርፌውን አስቀመጥሁ። ልሙላው ብል እሱን የማጠፋው መሰለኝ፤ ልተወው ብል የእርስዎን ሥራ ማጉደል ሆነብኝ። ስንት ቀን ወረቀቱን እያየሁ ዋልሁ። በመጨረሻ ለሁለት አጥፌ ጤነኛውን ጎን ስወጋው፣ የጎደለውም አብሮት ወጣ። አለቀስሁ፤ ደግ ለቅሶ ነበር። «ለራስሽ» ማለትዎም ጥቁርሽን አውልቂ ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ከጥልፍ ሱቄ አጠገብ ልደቱ የሚባል አናጢ አለ፤ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አይቶ «አውሺኝ፣ አልጋ ራስጌ ላይ ልቅረጸው» አለኝ። የማን አልጋ ነው ስለው «ገና ባለቤት የለውም» አለ። ጥልፉ የአማቴ ነው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ አልሰጥም አልሁት። «እንግዲያው ደረስጌ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ለአንድ ወረቀት ሽማግሌ! ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እኔም ሳቄን ዋጥሁት። እሺም እምቢም አላልሁት፤ «ጾሙ ይፈታና» ብቻ አልሁ።

እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ሰዎች ቢመጡብዎ አይደንግጡ። የሚሉትን ሰምተው ልብዎ ያለዎትን ይመልሱላቸው። አይሆንም ቢሉ ቅያሜ የለብኝም፤ እስከ ዛሬ እንደማደርገው የሚያሻዎትን እየላክሁልዎ፣ እየጠየቅሁዎ እኖራለሁ። አንድ ነገር ግን ልደቱ ጻፊልኝ ብሎኛል፦ ከቤቱ ክፍሎች አንዱ ጧት ማታ ፀሐይ ይገባዋል፣ ለእናት ይስማማል አለ። የማን እናት ብዬ አልጠየቅሁትም።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ። እመቤታችን ዕድሜዎን ታርዝምልን።

ልጅዎ