ከሴኡል የላክኸው ጭፈራ

ውድ ዓምሃ፣

ቪዲዮህ የደረሰኝ ከባርነሃገው፣ ከምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ወጥቼ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ሲያንከባልሉኝ ውለው ጓንቴ ገና አልደረቀም ነበር። ስልኬን ስከፍት አንተ ስሙን የማላውቀው ወንዝ ዳር ቆመህ ትስቃለህ። ከዚያ ጉራጌኛውን ጀመርክ። እኔ ያየሁት ፊትህን ብቻ ነው። ቀና ስል ባቡሩ ቬስትሊ፣ የመስመሩ መጨረሻ ደርሷል፤ መውረጃዬን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

ለውዝዋዜ ቡድናችን በዓል የተስማማነውን አልረሳህም መቼም። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ እንጨፍራለን፤ እኔ ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጬ በአንድ ዘፈን አስጨፍራለሁ። ኦከርን ያለው አዳራሻችን ውስጥ የራሴን ቀረጽኩና ከአንተ ጋር አገጣጠምኩት። መጀመሪያ ያሳየሁት ለእናትህ ነው።

እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። አስደገሙኝ።

«ማዕዶት፣ ልጄ ያነክሳል» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ቪዲዮው እኮ ነው የሚንገጫገጨው!»

«እኔ ስለ ቪዲዮ አላውቅም። ይሄ ልጅ አሞታል።»

እውነትም ይንገጫገጭ ነበር። እግርህ ይነሳና ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ወርዶ ይገኛል። ለናታሊ ወስጄ አሳየኋት። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ተወዛዋዣችን ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ፊልም የምትማር ልጅ።

«አዎ አዎ፣ ገባኝ» አለች ገና እንዳየችው። «የእሱ ካሜራ በሴኮንድ ሠላሳ ምስል ነው የሚያነሳው። እዚህ ግን የለመድነው ሃያ አምስት ነው፤ አንቺም ያቀናበርሽው በሃያ አምስት። ፕሮግራሙ ትርፉን እየጣለው ነው። ከየስድስቱ አንድ ምስል ይጠፋል።»

«የሚጠፋው የት ይሄዳል?» አልኳት።

ሳቀችብኝ።

ብዙ ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ምስሎቹን እያዋሃደ ክፍተቱን እንዲሞላው አደረግሁ፤ እግሮችህ ጉም ሆኑ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድም ምስል ሳልጥል በእኛ ፍጥነት ለቀቅኩህ። ያኔ ቀስ አልክ። ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው እየተንሳፈፍክ ከዘፈኑ ኋላ ቀረህ። ወንዙም ከኋላህ ዘገምተኛ ሆነ። ዓምሃ፣ ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ በሕልሜ የምትመጣው ልክ እንደዚያ ሆነህ ነው። መስኮቱ ላይ በረዶው ሲወርድ፣ አንተ ስክሪኑ ላይ ስትንሳፈፍ፣ እያየሁህ ብቻ ዋልኩ። ሥራውን ረሳሁት።

ያወጣችኝ ናታሊ ናት። «የእሱን አትንኪው» አለችኝ። «የራስሽን በሠላሳ እንደገና እንቅረጸው።»

ካሜራውን አስተካከልንና አዳራሹ ውስጥ ሞከርን። የአምፖሎቹ ብርሃን ከሠላሳው ጋር አልስማማ ብሎ ምስሉ ይርገበገባል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ውጭ ወጣን። ከእናትህ ቤት ጀርባ፣ ሜዳው ላይ፣ ለብቻዬ ጉራጌኛ ጨፈርኩ። ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። ናታሊ ጣቷ እስኪደነዝዝ ቀረጸችኝ።

ሥራው እንዳለቀ ተመልሼ ከእትዬ ሙሉ ጎን ተቀመጥኩ። አሁን አንድም ምስል አልጎደለም። መንገጫገጩ የለም፤ ሁለታችንም እንደ ውሃ እንፈስሳለን። ያኔ ነው ያየሁት። ሁለት እግራችንን መሬቱ ላይ በምንደልቅበት ቦታ ግራህ ነካ አድርጎ ብቻ ይነሳል። ዝቅ ስትል ዓይንህን ለቅጽበት ጨፈንክ። ከዚያ እንደገና ሳቅክ።

እናትህ በራሳቸው ጣት ቪዲዮውን አቆሙት።

«አየሽ?»

«አየሁ፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አልነገረኝም።»

«እኔንስ አላስጨንቃት ብሎ ነው» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺን ምን ብሎ ነው?»

ቪዲዮውን መልሼ አስጀመርኩት።

በዓሉ ደመቀ። ያ ሁሉ ሰው በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው፤ እግርህን ማንም ልብ አላለም። እናትህ ግን ቪዲዮው እስኪያልቅ እጄን አልለቀቁም። አጥብቀው ስለያዙኝ እኔም ማጨብጨብ አልቻልኩም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውሉልሃል። ደህና ነኝ እንዳትላቸው። ሐኪም አይተህ ከሆነ ያለህን ንገራቸው፤ ካላየህም አላየሁም በል። እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ ደግሞ አንተው መልስልኝ፤ እኔ ብዙ መልስ እየሰጠሁበት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ትኬት እያየሁ ነው። የጭፈራ ልብስ አልይዝም። ያንን ወንዝ ታሳየኛለህ፣ በዳሩ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ደረጃ ሲያጋጥመን ትከሻዬን ትይዛለህ።

እስክመጣ ድረስ እግርህን አሳርፈው።

ማዕዶት
ኦስሎ