የኤጄታ ባጃጅ የወደቀችበት ቦታ

ይድረስ ለልጄ ለለንሳ ሂርጳ፣ ድሬዳዋ።

ልጄ ለንሳ፣ አካም ጂርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ኤቢሳ ደህና ነው? ጊፍቲ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የራሴ ስለሆነ አልከሰውም። ጌታ ይመስገን እላለሁ፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ቤት የምታስመስለው የወንድምሽ የኤጄታ ባጃጅ ነበረች። እሱን ከቀበርን ወዲህ ዶሮ እንኳ የሚጮኸው ለጎረቤት ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል እየጻፍኩልሽ ነውና በጽሕፈቴ አትሳቂ።

ስለ ግጭቱ የላክሽው ስሌት ደርሶኛል። ሁለት የከረንቡላ ኳሶች ሲጋጩ አንዱ ያጣውን ሌላው ይወስደዋል፣ ክብደትና ፍጥነት ተባዝቶ ድምሩ አይጎድልም ያልሽው ገብቶኛል። መኪና ግን እንደ ኳሱ አይነጥርም፣ ብረቱ ሲጨማደድ ጉልበቱን ይበላዋል ያልሽውም ገብቶኛል። ያቃጠለኝ ባጃጇና በቆሎ የጫነው መኪና እኩል ተመታቱ ማለትሽ ነው። እኩል ከሆነ ልጄ አፈር ገብቶ የዚያኛው መብራት ብቻ ይሰበራል? ብዬ ወረቀቱን ወረወርኩት። ኋላ ኮርማና ጥጃ ሲዋጉ ያየሁት ትዝ አለኝ። ምቱ አንድ ነው፣ የሚወረወረው ጥጃው ነው። ወረቀቱን አነሳሁት።

መጨረሻው ላይ ግን መኪናው ቆሞ ነበር፣ ሄዶ የገጨው ኤጄታ ነው ብለሻል። ሹፌሩም የሚለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ከሆነ ከኋላው ተሳፍራ የሞተችው የጎረቤታችን የዳዲ ልጅ የወርቅቱ ደም በእኛ ላይ ነው። ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ወጥቶ እስክንታረቅ ሁለቱ ቤት ከአንድ ምንጭ አይቀዳም፣ በመንገድም አይተያይም። እኔም ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ልጄ የፊዚክስ መምህርት ናት፣ እሷ አስልታ ያለችውን እቀበላለሁ ብዬ ነበር።

ስሌትሽ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አንቺ ያሰላሽበት፣ ትራፊኩ የሣለው ሥዕል ነው። በሥዕሉ ባጃጇ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ናት። እዚያ ያስቀመጧት የእኛው ሰዎች ናቸው። ወርቅቱን ከሥሯ ለማውጣት አነሷት፤ ከዚያ የሟች ዕቃ ሜዳ ላይ አይተውም ብለው ትራፊኩ ሳይደርስ ተሸክመው መንገድ ዳር አቆሟት። የአክስትሽ ልጅ ሞቱማ ራሱ አንድ ጎኗን ይዞ ነበር፤ ሥዕሉን ሲያይ ነው የነቃው። የወደቀችውስ ከተጋጩበት ድልድይ ወዲያ በአምቦ በኩል፣ ዳገቱ ላይ፣ ጤፍ ውስጥ ነው። ጤፉ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው። ርቀቱን በበሬ ገመድ ለክተነዋል፣ ሞቱማ በሜትር ቀይሮ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፎልሻል። ኤጄታ ከአምቦ ወደ ጉደር ነበር የሚመጣው። የቆመ ነገር የገጨ እንደ ከረንቡላ ኳስ ቢነጥር እንኳ ከመጣበት ፍጥነት በላይ አይመለስም ያልሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ መኪናው ቆሞ ከነበረ ዳገት ያወጣት ማን ነው?

ይህን ለሽማግሌው ለኦቦ ጉርሙ ብነግረው፣ ሂርጳ፣ ቁጥሩ ሲመታህ መልሰህ ታስቆጥራለህ? ቢጥምህማ ዝም ባልክ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም አልተውም።

ኤጄታ በምን ያህል ፍጥነት ይነዳ እንደነበር ንገረኝ፣ ያለዚያ ስሌቱ አይዘጋም ብለሻል። ያን ዕለት ከገበያ በእግሬ ስመለስ ኩርባው ላይ አልፎኝ ነበር። ወርቅቱ ቀስ በል እያለች ትከሻውን ትመታዋለች፣ እሱ ይስቃል። ጋዙን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ባጃጅ ያላትን ፍጥነት ሁሉ ብለሽ ጻፊው።

ለእኔ ብለሽ አትቀንሺ። መኪናው ይሄድ ከነበረ የእሱን ድርሻ ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ። የኤጄታን ድርሻ ግን ከወረቀትሽ አልጠብቅም። ቅዳሜ ለምለም ሳር ይዤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳዲ ደጅ እቆማለሁ፣ የገዳይ አባት በሚቆምበት።

ኤቢሳን ሰላም በይልኝ፣ ጊፍቲን ሳሚልኝ። አክስትሽን ዱረቲን ናፍቀሻታል። ሞቱማም ሰላም ብሎሻል። ለዳዲና ለሚስቱ የላክሽውን ሰላምታ አላደረስኩም፤ ደም ባለበት ሰላምታ አይሻገርም። እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

አባትሽ ሂርጳ
ጉደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.