ምን ትተሽ መጣሽ?

ውድ መምህሬ፣

አልጋ ላይ መዋልዎን ከልጅዎ ሰማሁ። ቅዳሜ ልጠይቅዎ እመጣለሁ፤ እርስዎ ፊት አንደበቴ እንደሚያያዝ ስለማውቅ ግን አስቀድሜ ጻፍኩ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎ በር ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን “ምን ትተህ መጣህ?” ይሉ ነበር። ያልመለሰ አይገባም። የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ ለእሱ ስንል የተውነው ነገር ነው፣ ይህ ያልገባው ሌላውም አይገባውም ብለው ያምኑ ነበር።

“እንቅልፌን ትቼ መጣሁ” አለ አንድ ቀን ቀልደኛው ጓደኛችን።

“አልተውከውም፤ እዚሁ ትጨርሰዋለህ” አሉት። ቀድሞ የሳቀው ራሱ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ጠዋት ተራዬ ሲደርስ መዋሸት አልቻልኩም።

“እናቴን። በጠና ታማለች።”

“አጠገቧ ማን አለ?”

“ጎረቤት።”

ብዕሬን ከእጄ ወሰዱ። “ይህን ፈተና ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ አወጣለሁ። ሂጂ።”

እናቴ ስታየኝ ከትራሷ ቀና ብላ “ተባረርሽ እንዴ?” አለች። የሆነውን ነገርኳት። “እሱን ያሳደገችውን እናት አመስግኚልኝ” አለችኝ። ያንን ሳምንት ፀጉሯን አበጠርኩላት፤ ነግራኝ የማታውቀውን የልጅነቷን ነገር ሁሉ ነገረችኝ። እሑድ ዐረፈች።

ከሐዘኑ ስመለስ መልእክቷን ላደርስ አፌን ብከፍት፣ ወረቀቱን ዘርግተው “ሰዓት ይሄዳል፤ ጻፊ” አሉኝ። ጻፍኩ። አዝነውልኝ አንድ ነጥብ እንኳ አልጨመሩልኝም፤ ለእሱም አመሰግናለሁ።

ተመርቄ ጤና ቢሮ፣ ዕቅድ ክፍል ገባሁ። በየስብሰባው “ይህን የምንሠራው ምኑን ትተን ነው?” ስለምል ባልደረቦቼ “ወይዘሮ ምን ትተን” የሚል ስም አወጡልኝ። ሆስፒታሉ ላይ አዲስ ፎቅ ሊጨመር ሲታሰብም ጠየቅሁ። አለቃዬ “ደግሞ ጀመሩን” ብሎ ተነፈሰ። ሲመረመር ግን በፎቁ ምክንያት የሚቀሩት ለገጠሩ የታሰቡት ማዋለጃ ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ፎቁ ቀረ። በእነዚያ ክፍሎች የተወለዱት ዛሬ ራሳቸው ወልደዋል።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ የእርስዎን ትምህርት ልትጀምር ነው።

“አያቴ፣ ተምሬ ምን እሆናለሁ?” አለችኝ።

“የማይመች ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት።”

“እሱ ደግሞ ደሞዝ አለው?”

“ደሞዝስ አለው፤ ስብሰባ ላይ አጠገብሽ የሚቀመጥ ነው የማይገኘው።”

ቅዳሜ አብራኝ ትመጣለች። አደራዎን፣ እንደ ድሮው በጥያቄው ይቀበሉን፤ እሷ መልሷን ከአሁኑ እያሰበች ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ትቼው የምመጣው ብዙም የለኝም። ይዤው የምመጣው ግን አለ፤ የእናቴ ምስጋና። የተላከው ለእናትዎ ነበር፤ እሳቸው ስለሌሉ እርስዎ ይቀበሉልኝ። ቅዳሜ ፈተና ስለሌለ አያቋርጡኝም።

ከበር የመለሷት ተማሪዎ