አሥር ሳንቲሜትር የጨመርክብን ቤት

ውድ ወንድም ጋሼ ነዝሪ፣

ስልክ ላይ «ሱራያ፣ ያንን ቤት ከፖርትፎሊዮሽ አውጪው፤ አንቺ ምን ይቀርብሻል?» ስትለኝ ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። አሁን መልሱን በጽሑፍ ውሰድ፦ አላወጣም!

ትምህርት ያቋረጥኩ ነኝ፣ እሺ። መምህር ላይ ዳስተር ወርውሬ ነው የተባረርኩት፣ እሱንም እሺ፤ ማመልከቻዬ ላይ ራሱ ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። ግን አምና «የእማን ቤት ለክተሽ ሣይልኝ» ብለህ ስታዘኝ፣ አንተ ኩዋላ ላምፑር ተቀምጠህ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ቤት ሥር በደረቴ የተሳብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የዓሣ ስጎ ተደፍቶብኝ ከዜሮ እንደገና ሣልኩ። አንተ «ጎበዝ» ብለህ ጻፍክልኝ። ያቺን መልእክት እስካሁን አላጠፋኋትም፣ ይገርምሃል?

ከዛ ሥዕሎቼን ሰብስቤ የራሴን ፖርትፎሊዮ ሠራሁ። አሥራ ሁለት ገጽ። እንዳንተ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ከየት ላምጣ? በመረብ መጠገኛ ክር ሰፋሁት። ሰው ሁሉ የቤቱን ፊት ያስቀድማል፣ እኔ የጓሮውን ደረጃ አስቀደምኩ፤ እማ የምትውለው እሱ ላይ ነዋ። ይዤው ኩዋላ ትሬንጋኑ፣ የድሮ የእንጨት ቤት የሚያድሱት ቢሮ ሄድኩ። ተለማማጅ ነዳፊ ይፈልጋሉ። አንተም እዛው ለዋና ነዳፊነት እንዳመለከትክ በምን አውቄ!

ኃላፊዋ ወይዘሮ ሮስናኒ የኔንና ያንተን ፖርትፎሊዮ ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«ቤቱ መንታ ነው እንዴ? እዚህ ሥዕሉ የነዝሪ ነው ይላል። አንቺ ሌባ ነሽ ወይስ ዘመድ?»

«እህቱ ነኝ። ሌብነቱን እሱን ይጠይቁት።»

«አፍሽስ ስለት ነው። እጅሽ ግን?» አሉና ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ ጣሉ። «እሱ ከምሰሶ ምሰሶ አንድ ሜትር ከሃምሳ ብሏል። አንቺ አንድ ከአርባ ስምንት። ሜትር ማንበብ አትችዪም?»

ያኔ ገባኝ። የላክሁልህን ቁጥር ስህተት መስሎህ አስተካክለኸዋል! «ይቺ ደንቆሮ» ብለህ ይሆናል። ሁለቷን ሳንቲሜትር በአምስቱ የምሰሶ ክፍተት አባዛት እስቲ፤ ያንተ ቤት ከራሱ ከቤቱ በአሥር ሳንቲሜትር ይረዝማል። የኛ አገር አናጺ ቤት የሚለካው በእመቤቲቱ እጅ መሆኑን ረሳህ? አባዬ ነፍሱን ይማረውና፣ እማን ግራና ቀኝ እጇን አዘርግቶ፣ ከጣት እስከ ጣት ገመድ ወጥሮ፣ በዛ ገመድ አይደል ምሰሶውን የተከለው? ስንቴ ነገረን!

«ነገ ቤት ይምጡ፣ ሜትሩ እዛ ነው» አልኳቸው።

መጡ። እማ ዓሣ ስትከትፍ ነበር። እጇን ታጥባ ምሰሶዎቹ መሃል ቆመችና ዘረጋች። ቀኟ አንዱን ነካ፣ ግራዋ ሌላውን። ሜትሩን እኔ ያዝኩ። አንድ ከአርባ ስምንት!

ወይዘሮ ሮስናኒ ፖርትፎሊዮዬን አውጥተው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ፣ ሄደው እዛው የጓሮ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው «ሰኞ ሁለት ሰዓት። እንዳታረፍጂ። እኛ ጋ ደግሞ ዳስተር የለም» አሉኝ።

እማ እንደዘረጋች ነበረች። «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ያደረግከውን አልነገርኳትም። «አትነቃነቂ፣ እየለካሁ ነው» አልኳት። ለክቼ ከጨረስኩ ቆይቼ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ብያለሁ፦ ቤቱን የሠራው አባዬ፣ ልኩ የእማ እጅ፣ ሥዕሉ የሱራያ። ያንተ ስም የለበትም፣ አይገባምም። ብታኮርፍ አኩርፍ። ካላመንክ ግን ና፣ ምሰሶው መሃል ትቆምልሃለች።

ሜትር እንዳታመጣ።

ቤቱን ያላወጣችው እህትህ፣
ሱራያ