ደንገሉ ውስጥ የተገኘው አጥንት

ጥር 4፣ ከክፍል መልስ

የዳሌ አጥንት ላይ ነን። ተማሪዎቹ ወገባቸውን ይዘው የአጥንቱን ጠርዝ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ከፊት ያለውን ሹል። ይሳሳቃሉ። የአውራ ጣቱን ዘዴ አሳየኋቸው፦ ከኋላ ባለው ስርጉድ ከትቶ ማንቀሳቀስ። ከጠበበ የወንድ፣ ከተዝናና የሴት። ብቻውን አይታመንም፤ ሌላ ምልክት ይታከልበታል።

አንዷ ስለ ወንድሜ ስለ ታደለ ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኋት። የተሳፈረባት ጀልባ በክረምት ጣና ላይ ከተገለበጠች ወዲህ ሁለት ሰው አልተገኘም፦ ታደለና የቁንዝላው መሪጌታ ልጅ ውዴ። ይመጣል እያለች እማዬ እስካሁን በር አትቀረቅርም።

ጥር 7

ከዘጌ ተደወለ። ሐይቁ ሲሸሽ ዳሩ ላይ የበቀለው ደንገል ውስጥ አጥንት ተገኘ፣ ጃኬት የለበሰ። ጃኬቱ የታደለ ነው፤ ክርኑ ላይ እማዬ በአረንጓዴ ክር የጠቀመችው ቀዳዳ አለ። ፖሊሱም በዚያው አመነ።

እማዬ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ እህል ቀመሰች። ማታ በሩን ቀረቀረችው። ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፦ እኔም እፎይ አልሁ።

ጥር 8፣ ዘጌ

ሙያህ ነው ብለው አጥንቱን እኔ እንድለቅም ተዉልኝ። የራስ ቅል የለም። ዳሌው አለ። አውራ ጣቴን ከተትሁ። እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። የግራውንም ሞከርሁ። ከፊት አጥንቶቹ ከሚገጥሙበት ሥር ያለው ቅስት ሰፊ። ሁሉም አንድ ነገር ይላል፦ ሴት።

ውዴ ናት። ጀልባዋ ላይ በርዷት ጃኬቱን አውልቆ ሰጥቷታል። ታደለ እንደዚያ ነው፣ ሞኝ።

እማዬ ደጅ ተቀምጣለች። ዳሌውን በአቡጀዲ ሸፈንሁት። ተገነዘ።

ጥር 9

ቀብር። ቄሱ የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ የታደለን ነገርኋቸው። መሪጌታ ከቁንዝላ በጀልባ መጥተው ፍትሐቱን አብረው አዜሙ። ድምፃቸው ያምራል። በገዛ ልጃቸው አጥንት ላይ፣ በወንድሜ ስም። ሲጨርሱ የእማዬን እጅ ያዙ።

«እርስዎስ የሚያለቅሱበት አፈር አገኙ። የኔይቱን ሐይቁ እንደያዛት ነው።»

እጃቸውን ሳልጨብጥ ከመሐል ወጣሁ። ሰዉ ኀዘን መሰለው።

ጥር 12፣ ምሽት

ዘንዘልማ፣ ቤት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አልፈጀውም። እማዬ ለተዝካሩ ጌሾ አስመጣች። ጃኬቱን አጥባ ሰቅላዋለች። ብነግራት እንደገና ደጅ ደጁን ታያለች፤ ምናልባት በሕይወት አለ ትላለች። የለም። ዝም ብል ደግሞ ሽማግሌው ልጃቸውን ቀብረው፣ መቅበራቸውን ሳያውቁ ይሞታሉ።

ነገ ቁንዝላ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን እማዬ ከኔ ትስማ፤ ልጇ ጃኬቱን ለማን እንደሰጠ።

ተነሥታለች። ወደ በሩ እየሄደች ነው። እማዬ፣ ቆዪ፣ አትቀርቅሪው ልላት ነው።