የእባብ ቤት ሲያጸዱ የኖሩት የወይዘሮ አይሲ ስቲልትነር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አይሲ ስቲልትነር የሞቱት መዳን እየቻሉ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ብለው ነበር፤ የወሰዳቸው የለም። የሕይወት ታሪክ በዚህ አይጀመርም፤ ነገር ግን ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በሸለቆው ውስጥ ሌላ ታሪክ እየተወራ ስለሆነ ይህ አስቀድሞ ይነገር። አሁን ወደ ልደታቸው እንመለስ።

ወይዘሮ አይሲ ከአባታቸው ከአቶ ክላይድ ራይፍ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፋ ቤይሊ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1961 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ስሌት ሊክ በተባለው ሸለቆ ተወለዱ። አባታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ አቧራው ሳንባቸውን ጨርሶት፣ አይሲ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳሉ ዐረፉ። እናታቸው ድንችና አደንጓሬ እየተከሉ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ቤተሰቡ ባፕቲስት ነበር። እባብ ሲያዩ በአካፋ የሚገድሉ ሰዎች ነበሩ።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሸለቆው አፍ ባለችው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ከተራራው ማዶ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ተምረው በ1979 ጨረሱ። ከራይፍ ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። በአውራጃው ከተማ ለነርስነት ትምህርት ተመዝግበው ነበር። ትምህርቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ጓደኛቸው “ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ነይ እንሂድ” ብላ ወደ አንድ የድንኳን ጉባኤ ወሰደቻቸው። እዚያ ጊታር ይመቱ የነበሩት ወጣት ቨርሊን ስቲልትነር ናቸው። ወይዘሮ አይሲ ይህን ለሴት ልጆቻቸው ሲያወሩ “እኔ የወደድኩት ጊታሩን ነው፤ እባቡ ኋላ ነው የመጣው” ይሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጁን ወር ተጋቡ። የነርስነቱ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

አቶ ቨርሊን ከአባታቸው የተረከቡት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ያመኑ ሰዎች እባብ ይይዛሉ የሚለውን ቃል እንደ ትእዛዝ ይወስደዋል። መንፈስ ወርዶ ቅባት ሲመጣ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ጅራቱን የሚያንሿሿውን መርዘኛ እባብ ያነሳል። ጊታር ይመታል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ የያዘው ሰው ይመሰገናል፤ እባቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ሕዝቡም ወደ ቤቱ ሄዶ ምሳውን ይበላል።

እባብ ግን ከእሁድ እስከ እሁድ የሚኖር ፍጥረት ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸዳዳል። ይህን የሚያስታውስ ወንድ በጉባኤው ውስጥ አልነበረም። በጸደይ ወራት ወንዶቹ ከተራራው ላይ እየያዙ በትራስ ልብስ ከተው ያመጡና፣ እንደሚታጠብ ጨርቅ በረንዳው ላይ ጥለውላቸው ይሄዱ ነበር። ወይዘሮ አይሲ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ሣጥኖቹን ደረደሩ። በአሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አይጥ አረቡ። በየሐሙሱ ሣጥኖቹን እያጸዱ፣ ውኃ እየቀየሩ፣ የሞተ ሲኖር አውጥተው እየቀበሩ ኖሩ። የጎጆዋ ሽታ የገባ ያውቀዋል፤ ያልገባችሁም አታመልጡም፣ የተጠረገው ለናንተ ነበር። ከፀጉራቸው አይለቅም። በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ከ1989 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲሠሩ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በሆምጣጤ ታጥበው ነበር የሚወጡት። በዚህ ሸለቆ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሁሉ በዚያ እጅ የተጋገረ ዳቦ በልቷል።

ጎጆዋ ውስጥ ሲሠሩ ያንጎራጉሩ ነበር። ትንሿ ልጃቸው ሼልቢ አንድ ቀን “እማዬ፣ እነሱ ይሰሙሻል እንዴ?” ብላ ብትጠይቃቸው፣ “የሚሰሙት እነሱ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ብፈራ ነው እንጂ ድምፄ ያምራል ብዬ መሰለሽ?” አሏት።

ወይዘሮ አይሲ በአምልኮ ላይ እባብ ይዘው አያውቁም። የፓስተር ሚስት ሆና አለመያዝ በዚህ ጉባኤ ቀላል ነገር አይደለም። የአቶ ቨርሊን ወንድም የአቶ ሆበርት ባለቤት ወይዘሮ ዴልፊያ ከአምልኮ በኋላ በሰው ፊት “አይሲ፣ ጌታ ስልክሽን አጥቶት ይሆን?” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም “ያውቀዋል። እንዳንቺ በየሰዓቱ አይደውልም እንጂ” ብለው ሳህኑን ማጠባቸውን ይቀጥላሉ። ሳቁ የዴልፊያ ሳይሆን የአይሲ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ሐሜቱ ግን አያልፍም። ያልተቀባች ሚስት ያለችው ፓስተር ምን ዓይነት ፓስተር ነው የሚለው ወሬ አቶ ቨርሊንን እንቅልፍ ይነሳቸው እንደነበር እሳቸውም አይክዱም።

ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጥሩ ሕግ ነበረው። የተነደፈ ሰው ሐኪም ይፈልግ እንደሆን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው አፍ የለውም። በ2006 አቶ ቨርሊን በአምልኮ ላይ ጣታቸውን ተነድፈው ሶፋው ላይ ሲያቃስቱ፣ ወይዘሮ አይሲ ደጋግመው “ልጥራልህ?” ይሏቸው ነበር። እሳቸው “አይሆንም” አሉ። ሚስታቸው ሐኪም ሳይጠሩ ትውከታቸውን ጠረጉ፣ ጨርቅ ቀየሩ፣ የጠቆረውን ጣት አጠቡ። ጣቱ ወደቀ፤ ሰውየው ተረፉ። ወይዘሮ አይሲ ቃላቸውን ያከበሩላቸው ስለተስማሙ አልነበረም። ውሳኔው የተነደፈው ሰው ድርሻ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ጠዋት፣ ወይዘሮ አይሲ የውኃውን ሳህን ሲያነሱ ከእባቦቹ ትልቁ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ነደፋቸው። ክዳኑን መልሰው ዘጉ። ወደ ወጥ ቤት ገብተው፣ እጃቸው ሳያብጥ የጋብቻ ቀለበታቸውን በሳሙና አውልቀው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ባለቤታቸውን “ቨርሊን፣ መኪናውን አስነሳ። ሐኪም ቤት ውሰደኝ” አሏቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር የለም። ሼልቢ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች።

አቶ ቨርሊን “ቆይ፣ ሆበርት ይምጣ” አሉ።

አቶ ሆበርትና ወይዘሮ ዴልፊያ ከጎረቤት መጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያስጠላል፤ መስማትም ያስጠላችሁ። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸው እያበጠ፣ ሦስቱ ሰዎች የተከራከሩት ንድፊያው ቅባት ወርዶባቸው ሳለ የደረሰ ነው ወይስ ተራ ንድፊያ ነው በሚለው ነበር። በቅባት ከሆነ የእምነት ፈተና ነው፤ ይጸለያል። ተራ ከሆነ አደጋ ነው፤ ሐኪም ቤት ይኬዳል።

“ሣጥን ስታጸዳ ነው እኮ የነደፋት” አሉ አቶ ሆበርት። “ማን ጸለየ? ማን ተቀባ? እንጨት ሲፈልጡ ጣት እንደመቁረጥ ነው። ተነስ ውሰዳት፣ ወንድሜ።”

“ስትዘምር አልነበረም እንዴ?” አሉ ወይዘሮ ዴልፊያ። “እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። መዝሙር ካለ አምልኮ ነው። አምልኮ ካለ ቅባት አለ።”

“ኧረ ታንጎራጉር ነበር!”

“ማንጎራጎርንና መዝሙርን ማን ለየልህ?”

“እኔ ልለይላችሁ” አሉ ወይዘሮ አይሲ። “አልዘመርኩም። ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ። ቨርሊን፣ ቁልፉን አምጣ።”

አቶ ቨርሊን ፊታቸው ተንበረከኩ። “አይሲ፣ ዛሬ እኮ ጌታ ጠራሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ይሄንን ነው።”

“የጠራኝ እባቡ ነው። መኪናውን አስነሳ።”

“መርዙ ነው የሚያናግራት፤ አትስማት” አሉ ወይዘሮ ዴልፊያ።

የጉባኤው ሕግ የፈረሰው በዚች ዓረፍተ ነገር ነው። በጣታቸው የተነደፉት ፓስተር “አይሆንም” ሲሉ የተናገረው እምነታቸው ነበር፤ ሚስታቸው “ውሰዱኝ” ሲሉ ግን የተናገረው መርዝ ሆነ። አቶ ቨርሊን ይህን ሰምተው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የጎደለባቸውን ምልክት አግኝተው ነበርና ሊያጡት አልፈለጉም።

ሼልቢ ወደ ስልኩ ሄደች። በስሌት ሊክ የእጅ ስልክ አይሠራም፤ የቤቱን ስልክ ወይዘሮ ዴልፊያ እንደ ድመት ጭናቸው ላይ ታቅፈውት ነበር።

“አክስቴ፣ ስልኩን ስጪኝ።”

“አንቺ ደግሞ! እምነት ባይኖርሽ እንኳ ዝም ማለት ያቅትሻል?”

ሼልቢ በጓሮ ወጥታ እስከ ሌላው ጎረቤታቸው እስከ አቶ መንሲ ቤት ሮጠች። አቶ መንሲ እግዚአብሔርንም እባብንም የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሳይጠይቋት ደወሉ። አምቡላንስ በተራራው መንገድ ዞሮ ሲደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። ወይዘሮ አይሲን ያገኛቸው ከቤት ውስጥ አይደለም። ከአስፋልቱ ዳር፣ የፖስታ ሣጥኑ እግር ሥር፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ክንዳቸው እስከ ትከሻው ጠቁሮ ቆዳው ተወጥሯል። ሼልቢ እጃቸውን ይዛ አብራቸው ሄደች። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሏቸው ሐኪም መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው እንደነበር ነግረውናል።

ይህ የቀብር ሥርዓት በቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን እዚህ ከተማ የሚደረገው ሴት ልጆቻቸው ስለፈለጉ ነው። በጉባኤው ልማድ የተነደፈ ሰው ሲቀበር የነደፈው እባብ በሬሳው ሣጥን አጠገብ ይያዛል። ወይዘሮ ዴልፊያ ትናንት ወደዚህ ደውለው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ የቀብር አስፈጻሚው “እመቤቴ፣ እኛ አበባ ነው የምንቀበለው” ብለው ስልኩን ዘግተዋል። ሼልቢ የእናቷን ቦታ ወስዳ ጎጆዋን ትጠብቃለች ተብሎም ተነግሯል። አትጠብቅም። ዓርብ ጠዋት አቶ መንሲና ሼልቢ ሣጥኖቹን በጭነት መኪና ወስደው እባቦቹን ከተራራው ማዶ ለቀዋቸዋል። ሼልቢ ከዛሬ ጀምሮ ከታላቅ እኅቷ ከኬንድራ ጋር ትኖራለች።

ወይዘሮ አይሲ ስቲልትነር የሁለት ሴት ልጆች እናት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ቨርሊን፣ ልጆቻቸው ይህን የጻፈችው ኬንድራና ሼልቢ፣ እንዲሁም እኅትና ወንድሞቻቸው በሕይወት አሉ። በምግብ ቤቱ መስኮት በኩል “የኔ ጌታ፣ አንድ ጨምር፤ ከስተሃል” የተባለ ልጅ ሁሉ ራሱን ከሐዘንተኞቹ ይቁጠር። አምላካቸው ለደከመው ሥጋቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸውም ፍርሃትና ያ ሽታ የማይደርስበትን ስፍራ ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀርቷል። አቶ ቨርሊን ለጉባኤው ባስነገሩት ቃል፣ ወይዘሮ አይሲ በእምነት ጸንተው፣ በወገኖች ጸሎት መካከል፣ እጃቸውን ዘርግተው እንደተሰናበቱ ተነግሯል። ውሸት ነው። እውነቱን የነገሩን አቶ ሆበርት ናቸው። ሲነግሩን አልቅሰዋል፤ ያን ዕለት መኪናቸው በር ላይ ቆማ፣ ቁልፏ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሼልቢ ከወጣች በኋላ ሦስቱ ጸሎት ጀመሩ። ወይዘሮ አይሲ ጥቂት አዳመጧቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ሹራባቸውን በደህናው ክንዳቸው ብቻ አጥልቀው ሌላውን እጅጌ ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ ቦርሳቸውን ከመንጠቆው አወረዱ። አቶ ቨርሊን ዓይናቸውን ገልጠው “አይሲ፣ ቁጭ በይ እንጂ፤ እየጸለይንልሽ ነው” አሏቸው።

“ጸልዩ” አሉ። “ዝንብ እንዳይገባባችሁ በሩን ልዝጋላችሁ።”

ወጡ፤ በሩንም ዘጉት።